የወይ ፍንክችና የይቅርብህ ፍቺ

ሰው ሊፋታ ሲሄድ እንዲህ አይፍለቀለቅም። ወይ ፍንክች ግን የዚያን ዕለት ጠዋት ወደ ጠበቃዋ ቢሮ የሚያወጣውን ደረጃ ስትወጣ እግሯ መሬት አልነካ ብሏት ነበር። ፀጉሯን ተሠርታለች፣ አዲስ ጫማ አድርጋለች፣ ሽቶውንም ሳትሰስት ተርከፍክፋዋለች። በር ላይ የተቀመጠው ዘበኛ ከላይ እስከ ታች አየት አድርጓት፣ "ዛሬ ደግሞ ሠርግ ነው እንዴ?" ቢላት፣ "የሠርግ ማፍረሻ ነው!" ብላው እየሳቀች አለፈች። ዘበኛው ይሳቅ ወይ ይዘን ግራ ገባው።

መቼስ እናት ለልጇ ወይ ፍንክች ብላ ስም አታወጣም። ስሙን ያወጡላት ደንበኞቿ ናቸው። ከባሏ ጋር ያገለገሉ የቤት ዕቃዎች የሚገዙበትና የሚሸጡበት ሱቅ አላቸው፤ ቁምሳጥኑ፣ አልጋው፣ ሶፋው፣ እግሩ የተሰበረ ወንበር ሳይቀር ከወለል እስከ ጣሪያ ተደራርቦ፣ በመሃሉ ሰው በጎኑ ብቻ የሚያልፍበት ሱቅ። እዚያ ገብቶ ዋጋ ያስቀነሳት ሰው ካለ ይምጣና ይናገር! ደንበኛው ቢለምናት፣ ቢቆጣት፣ በልጆቹ ቢምልባት፣ እሷ ወይ ፍንክች። ባሏን ደግሞ ይቅርብህ ይሉታል። አንድ ሰው ጠረጴዛ ወድዶ ዙሪያውን ሲዞር ካየ ጠጋ ይልና፣ ባዘነ ፊት ራሱን እየነቀነቀ፣ "ይቅርብህ ወንድሜ፣ ይሄ ላንተ አይሆንህም" ይለዋል። አለቀ! አይሆንህም ያሉትን የማይፈልግ ሰው የት አለ? ሰውየው እልህ ይዞት ገዝቶ ይወጣል።

ሁለቱም የሚመሩበት ሕግ አንድ ነው፤ የምትፈልገውን ነገር በዓይንህ እንኳ አትንካው። ዕቃ ሊገዙ ሰው ቤት ሲሄዱ፣ ሳሎኑ ውስጥ የድሮ የእጅ ሥራ ቁምሳጥን ቆሞ ቢያዩ፣ እንዳላዩ ሆነው ያልፉትና አንድ የተሰነጠቀ ወንበር ላይ ይሰፍራሉ። በወንበሩ ይከራከራሉ፣ ይጮኻሉ፣ ተቆጥተው ወጥተው ይመለሳሉ። ባለቤቶቹ ሲደክማቸው እሷ በሩ ላይ ትሆንና፣ "ያንን ሳጥን ደግሞ ቦታ ካጣበበባችሁ እንገላግላችሁ" ትላለች። በነፃ በሚባል ዋጋ ይዘውት ይወጣሉ። መኪናቸው ውስጥ ሲገቡ በሳቅ ይፈርሳሉ። ድሮ፣ ገና ሲጋቡ፣ ከዚያ ሳቅ የሚጥማቸው ነገር አልነበረም።

ክፋቱ፣ ይሄ ሕግ ከሱቁ ተከትሏቸው ቤት ገባ። እሷ መውጣት ሲያምራት "ዛሬስ ቤት መዋል ነው የሚሻለው" ትላለች፤ እሱ መተኛት ሲፈልግ "ምነው ሰው ጠርተን ብንጫወት" ይላል። እሱ ያለችውን አምኖ ቤት ይውላል፣ እሷ ያለውን አምና እንግዳ ትጠራለች፣ ሁለቱም አኩርፈው ያድራሉ። ከሃያ ዓመት በላይ እንዲህ ኖሩ። ዱላ የለ፣ ውሽማ የለ፣ ስካር የለ፤ እንዲያው ተሰላቹ። ሊለያዩ መሆኑን ሲነግሯት፣ የራሷን ትዳር ይዛ ርቃ የምትኖረው ልጃቸው፣ "እሰይ! በሉ ፈርማችሁ እስክትጨርሱ ሁለታችሁም እንዳትደውሉልኝ" ብላ ስልኩን ጆሯቸው ላይ ዘጋችባቸው።

ታዲያ ይሄ ሁሉ መፍለቅለቅ ከየት መጣ? ከሱቁ ነዋ! ወይ ፍንክች ከዚህ ፍቺ የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሱቁን፣ ለብቻዋ። በሐሳቧ ስንቴ አፍርሳ ሠርታዋለች! መሃል ላይ ያለውን የኮምፔንሳቶ ግድግዳ አንስታ፣ መንገድ ዳሩን ሰፊ መስታወት አድርጋ፣ ከጓሮ በኩል የመጠገኛ ጠረጴዛ ዘርግታ፣ ሙጫዋንና ቀለሟን ደርድራ፣ ማንም ሳይጠራት እዚያ ስትውል ይታያታል። ያረጀ እንጨት ቫርኒሽ ሲጠጣና መልኩ ሲመለስለት ማየት አንጀቷን ቅቤ ያጠጣዋል። ያ ሱቅ ቢቀርባት ምን ይዛ እንደምትነሳ፣ ጠዋት ለምን ጫማዋን እንደምታደርግ አታውቅም። ቤቱ? ቤቱንስ የፈለገ ይውሰደው! ጨለማ ነው፣ ኮሪደሩ አያልቅም፣ ግድግዳው እርጥበት ይዞታል። የኋላው ክፍል ውስጥ የባሏ እናት አሉ፤ ደግ ሴት ናቸው፣ እሳቸው ግን ልጃቸውን ተከትለው የትም ይሄዳሉ ብላ ደምድማለች።

እና ይሄን ለጠበቃዋ ነገረቻት? ምን በወጣት! ጠበቃዋ ቀጠን ያለች፣ ፈጣን፣ መነጽሯን በጣቷ ወደ ላይ እየገፋች የምትናገር ወጣት ናት። ገና በመጀመሪያው ቀን፣ "ከንብረቱ በዋናነት የሚፈልጉት ምንድን ነው?" ብላ ስትጠይቃት፣ ወይ ፍንክች ዓይኗን እንባ ሞልታ፣ "ቤቴን!" አለቻት። "ቤቴን አልሰጥም! ከዚያ ቤት የምወጣው ሬሳዬ ሲወጣ ነው!" ጠበቃዋ አዘነችላትና "ቤቱ" ብላ ጻፈች፤ ከሥሩም አሰመረችበት። የወይ ፍንክች ዘዴ ግልጽ ነው። በቤቱ ባሏን ታስጨንቀዋለች፣ ታስለምነዋለች፣ ላቡን ታንጠፈጥፈዋለች። በመጨረሻም፣ ልቧ እንደተሰበረ ሰው ሆና፣ "እሺ፣ ቤቱን ውሰደው፤ እኔ ምስኪኗ ያንን ሱቅ ይዤ ልቅር" ትላለች። ለጠበቃዋ ያልነገረችውም አውቃ ነው። ረዳትህ ልብህን ካወቀ ዓይኑ ያሳብቅብሃል፤ ይሄ ከሱቁ የተማረችው ነው።

የዚያን ዕለት ጠዋት እንግዲህ የመጨረሻው ድርድር ነው። ባልና ሚስት ፊት ለፊት ተቀምጠው ከሚጯጯሁ፣ ሁለቱ ጠበቆች መጀመሪያ ብቻቸውን ተገናኝተው እንዲነጋገሩ ተስማምተዋል። ይቅርብህ በአንደኛው ጫፍ ባለ ክፍል፣ እሷ በሌላው ጫፍ፣ ጠበቆቹ በመሃል።

"ልጄ፣" አለቻት ጠበቃዋን፣ ልትወጣ ስትል ክንዷን ይዛ፣ "ቤቱን እንዳትለቂብኝ። ቢጮኹብሽም፣ ቢለምኑሽም።"

"አይስጉ፣" አለች ቀጭኗ ጠበቃ፣ መነጽሯን ገፋ አድርጋ። "ዛሬ ቤቱን ሳልይዝ አልመለስም።"

"እሰይ የኔ አንበሳ!" አለቻትና በሩ እስኪዘጋ ጠብቃ፣ ብቻዋን ስትቀር አፏን በመዳፏ ይዛ ሳቀች።

ከዚያ ጆሮዋን ቀስራ ጠበቀች። የባሏን ጠበቃ ድምፅ ሰማችው። ያ ሰውዬ ድምፁ ግድግዳ የሚያልፍ፣ ወፍራም፣ ዕድሜው የገፋ ሰው ነው፤ እሷ በልቧ መረዋው ትለዋለች። መረዋው አንድ ነገር ተናገረ። ቀጭኗ መለሰችለት። "ተያያዙ!" አለች ወይ ፍንክች፣ እጇን እያፋተገች። ተነስታ ተቀመጠች፣ ተቀምጣ ተነሳች። በመስኮቱ መስታወት ላይ ፊቷን እያየች፣ በኋላ የምታለቅሰውን ለቅሶ ተለማመደች፤ የታችኛው ከንፈር እንዴት እንደሚንቀጠቀጥ፣ "ምስኪኗ" የሚለው ላይ ድምፅ እንዴት እንደሚሰበር። ጥሩ ሆነላት! ግማሽ ቀን ይፈጃል ብላ ተዘጋጅታለች፤ ቦርሳዋ ውስጥ ብስኩት ሳይቀር ይዛለች። ብስኩቱን እንኳ ሳትከፍተው ከመሃለኛው ክፍል የመረዋው ሳቅ አስተጋባ። የምን ሳቅ ነው ደግሞ? ስትል በሩ ተከፈተ፤ ቀጭኗ ጠበቃ ፊቷ በርቶ ገባች።

"እንኳን ደስ ያለዎት! ቤቱ የእርስዎ ሆነ!"

"እ?"

"ቤቱ! ከነግቢው፣ ከነሙሉ ዕቃው! እኔ እኮ ለክርክር ተዘጋጅቼ ነበር የገባሁት። ገና 'ደንበኛዬ ቤቱን ነው የምትፈልገው' ስል፣ የእሳቸው ጠበቃ በሳቅ ፈነዱ። ለካ ባለቤትዎ የፈለጉት ሱቁን ብቻ ነው! 'ሱቄን ከምትወስዱብኝ ነፍሴን ውሰዱ' ብለዋል አሉ። ስለዚህ ሱቁ ለእሳቸው፣ ቤቱ ለእርስዎ! እንዲህ ያለ ቀላል ጉዳይ ይዤ አላውቅም፣ እውነቴን ነው የምልዎት።"

ወይ ፍንክች ክው አለች። ጉድ ፈላ! "ሱቁን?" ለማለት አፏን ከፈተችና መልሳ ዋጠችው። "ዝም ብሎ... ቤቱን... ሰጠ?" አለች በመጨረሻ።

"ዝም ብለው!"

"ምነው ትንሽ እንኳ አይከራከርም?"

"ለምን ይከራከራሉ?"

"ቤቱን ነዋ! ሰው ቤቱን እንዲህ እንደ ዘበት ይሰጣል?"

"እንዲሰጡን አልነበር እንዴ የመጣነው?" አለች ጠበቃዋ፣ ግራ ተጋብታ። ቀጥሎም ትከሻዋን ቸብ ቸብ አደረገችላት። "ደስታም ያስደነግጣል። ትንሽ አረፍ ይበሉ፤ ረቂቁን አሁን እናትመዋለን፤ ዛሬውኑ ፈርመን ነገ ፍርድ ቤት እናስገባዋለን።" ከወዲያ የማተሚያው ማሽን ሲንጫጫ ተሰማ።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይሉ ነበር አባቷ። ወይ ፍንክች ወንበሩ ላይ ዘፍ አለች። ያ ጨለማ ኮሪደር! ያ እርጥበት! እሷ እዚያ ኮሪደር ውስጥ፣ እሱ ሱቁ ውስጥ ሆኖ ሰዉን ይቅርብህ ሲል ታያት። ከዚያ ንዴት መጣ፤ ንዴት ደግ ነው፣ ያነሳል። "ነቅቶብኛል!" አለች ለራሷ። "ሱቁን እንደምፈልግ ነቅቶ ቀድሞኝ ነው! ቆይ፣ ይሄ ጭልፊት!" ብልጥ ለብልጥ ዓይን ብልጥጥ ማለት ይሄ ነው። ግን ገና አልፈረመችም። ብዕር ወረቀት እስኪነካ ድረስ ገበያ ነው። አከርካሪዋን አቅንታ፣ ሽቶዋን እንደገና ረጭታ፣ ደሟ እየፈላ ወደ መሃለኛው ክፍል ገባች።

ረጅም ጠረጴዛ ነው። ይቅርብህ ከወዲያ ማዶ፣ ቆቡን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። አሸናፊ ፊት ልታይ ነበር የጠበቀችው፤ ሰውየው ግን አመድ መስሏል፣ የሸሚዙ ኮሌታ በላብ ርሷል። "ማስመሰል ደግሞ ይችልበታል!" አለች በልቧ። መረዋው ረቂቁን አንስቶ ማንበብ ጀመረ። ሱቁ ከነሙሉ ዕቃው ለሁለተኛ አመልካች፣ ማለትም ለባል። መኖሪያ ቤቱ ከነግቢው ለአንደኛ አመልካች፣ ማለትም ለሚስት። "መኖሪያ ቤቱ" ሲባል ይቅርብህ ትን እንዳለው ሰው ሳለ። እሷ ይሄን ሳል ልብ አለችው፤ ግን ሥራዋን ጀምራለች።

"ያው እንግዲህ፣" አለች፣ ጥፍሯን እያየች፣ "ሱቁን ፈልጎ ከወሰደው ምን ይደረጋል። እኔ እንኳ ይቅርብህ ነበር የምለው። ጣሪያው ያፈሳል። በጋውን ወበቅ ነው፣ ክረምቱን ኩሬ ነው።"

ይቅርብህ ቆቡን ከጉልበቱ ወደ ጉልበቱ አዛወረ። "አንቺም ቤቱን ከወደድሽው ምን ይደረጋል። እኔ ግን ላንቺ ብዬ ነው፣ ያ እርጥበት ደረትሽን ይጎዳዋል። ይቅርብሽ ነበር የምለው።"

"ደረቴን ተወው። አንተ የሱቁን አይጦች ቁጠር።"

"አይጥስ ድመት ይፈራል። ግድግዳው ስንጥቁ ሲሰፋ በምን ልትይዢው ነው?"

"ስንጥቅ ይለሰናል! ሱቁ ፊት ለፊት ያለው መንገድ ሲቆፈር ማን ሊመጣልህ ነው?"

"መንገድ ተቆፍሮ አይቀርም! ጎረቤትሽ ያ መለከት የሚነፋው ሰውዬስ?"

"መለከት እወዳለሁ!" ብላ ጮኸች፤ በሕይወቷ መለከት ወድዳ አታውቅም።

ጠበቆቹ ከግራ ቀኝ እየተገላመጡ ያዳምጣሉ። ለነሱ የተሰማቸው፣ ሁለት የተጠላሉ ሰዎች አንዱ የሌላውን ድርሻ ሲያንቋሽሽና የራሱን ሲያወድስ ነው። መረዋው በደስታ ጠረጴዛውን መታ። "ድንቅ ነው! እንግዲህ ሁለታችሁም በየድርሻችሁ ረክታችኋል ማለት ነው። በሉ ሳይቀዘቅዝ እንፈርም!" ብዕር አውጥቶ ክዳኑን ነቅሎ ለወይ ፍንክች ሰጣት።

ሲያጌጡ ይመላለጡ! ብዕሩን ይዛ ቀረች። ምንም ዘዴ አልመጣላትም። ሱቁን ለማግኘት የምታውቀውን ሁሉ አድርጋለች፤ በማንቋሸሽም፣ በንቀትም፣ በእንባም። እና ድንገት ያቺ ባለ ሦስት መስታወት ጠረጴዛ ትዝ አለቻት።

አምና ነው። ከአንድ አሮጊት ቤት የገዟት፣ ትናንሽ መሳቢያዎች ያሏት፣ ሦስት መስታወቶቿ እንደ በር የሚታጠፉ የመኳኳያ ጠረጴዛ ነበረች። ወይ ፍንክች ባየቻት ቀን ለራሷ ወደደቻት። ታዲያ እንደ ልማዷ ከሱቁ ጥግ አንድ አሮጌ ፍራሽ ጀርባ ደበቀቻትና በየቀኑ፣ "ይሄ ጉድ ግን መቼ ነው የሚነሳልን? ዓይኔን አሳመመኝ!" ትል ጀመር፤ ማንም እንዳይመኝባት። አንድ ቀን ጉዳይ አድርሳ ስትመለስ ጥጉ ባዶ ነው። ይቅርብህ እጆቹን እያራገፈ፣ ፊቱ በርቶ፣ "ገላገልኩሽ! ሸጥኳት!" አላት። ሰውየው ሊያስደስታት ነበር እኮ። እሷም ያን ቀን፣ "ጎሽ፣ እንኳን ተነሳልን" አለችና ጓሮ ወጥታ አለቀሰች።

አሁን ሱቁም በዚያው መንገድ ሊሄድ ነው። ባለቤት ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም። ብዕሩን አስቀመጠችው።

"ሱቁን እፈልጋለሁ፣" አለች።

ቀጭኗ ጠበቃ ከጠረጴዛው ሥር ቁርጭምጭሚቷን በጫማዋ ጠቅ አደረገቻት። ወይ ፍንክች ግን ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ቀጠለች። "ቤቱን ፈልጌው አላውቅም። የዋሸሁት ለማስወደድ ነው። ጣሪያውም አያፈስም፣ ባለፈው ራሴ ነኝ ያስጠገንኩት። እኔ ያለዚያ ሱቅ መኖር አልችልም።"

አቤት የዚህ አነጋገር ሞኝነት! እሷ ሱቅ ውስጥ ገብቶ እንዲህ የሚል ደንበኛ ቢገጥማት ኖሮ ሱሪውን አስወልቃ ነበር የምትሸኘው። ይቅርብህ አሁን የፈለገውን ሊጠይቃት ይችላል። መኪናውን፣ ያጠራቀሙትን፣ የአንገት ወርቋን፣ ሁሉን አስረክባም ቢሆን ሱቁን ይዛ ከመውጣት ወደኋላ እንደማትል በራሷ አፍ ነግራዋለች። አፉን አፉን እያየች ጠበቀች። እሱ ደግሞ ልማዱ ነውና ዓይኑን ጠበብ አድርጎ፣ "ምን ያህል ነው የምትፈልጊው?" አላት።

"በጣም።"

"በጣም ስንት ነው?"

"ስንት የለውም። በጣም ነው።"

ይቅርብህ ቆቡን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፤ ሲከራከር ቆቡን ከእጁ አስቀምጦ አያውቅም። ጉሮሮውን ጠረገና፣ አማርኛ ዛሬ የጀመረ ይመስል ቃሉን እየፈለገ ተናገረ። "እኔ... ቤቱን ነው የምፈልገው። ለእማዬ። ዓይኗ እንደሄደ ታውቂያለሽ። እዚያ ቤት ግድግዳውን እየዳበሰች ነው የምትኖረው፤ መጸዳጃ ቤቷን፣ ወንበሯን፣ መስኮቷን በእጇ ታውቀዋለች። ሌላ ቤት ባገባት ትጠፋብኛለች። ሱቁን የጠየቅኩት ያው... ቤቱን ለማስለቀቅ ነው።"

"ሱቁን አትፈልገውም?"

"እኔ? የቫርኒሹ ሽታ ራሴን ይፈልጠኛል! ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ!"

"ከመጀመሪያው ቀን? ታዲያ ለምን አትነግረኝም?"

"አንቺስ ኮሪደሩን መጥላትሽን ለምን አልነገርሽኝም? አምፖል አደርግልሽ አልነበር?"

ተያዩ። መጀመሪያ ያመለጠው ሳቅ የሱ ነው። ከዚያ እሷም። እንደዚያ የድሮው መኪና ውስጥ፣ ሆዳቸውን ይዘው፣ እንባቸው እስኪወርድ፣ አንዱ ዝም ሲል ሌላው እየጀመረ ሳቁ። "መለከት... እወዳለሁ!" ይላል እሱ፣ እሷ ጠረጴዛው ላይ ትደፋለች። ቀጭኗ ጠበቃ መነጽሯን አውልቃ ቀረች። መረዋው ተነስቶ ቆመና፣ "ኧረ በሕግ አምላክ! ምን እየሆናችሁ ነው? ለመሆኑ ትፋታላችሁ ወይስ አትፋቱም?" ብሎ ጮኸ።

"ሱቁን ለኔ፣ ቤቱን ለሱ አድርጉት፣" አለች ወይ ፍንክች፣ ዓይኗን እየጠረገች። "ሌላው እንዳለ ይሁን።" ይቅርብህም ራሱን ነቀነቀ። ሁለቱ ጠበቆች ምርጫ አጥተው፣ እያጉረመረሙ፣ ረቂቁን ሊያስተካክሉ ወጡ።

ሱቁ የሷ ሆነ! እሰይ! ዘላ መስኮቱን ከፍታ ለመንገደኛው ሁሉ ብትነግር ወደደች። ያ ሰፊ መስታወት፣ ያ የመጠገኛ ጠረጴዛ! እና ደግሞ ምንም ሳታታልል፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር! እንዲህ ይቀላል እንዴ? ሰው የሚፈልገውን ይናገራል፣ ይሰጡታል፤ ካልሰጡትም ቁርጡን ያውቃል። በዚህ ዕድሜዋ አዲስ ነገር እንዳገኘች ልጅ ሆነች።

ይቅርብህም ፊቱ ቀለም ተመልሶለት በፈገግታ ያያታል። "ጉድ ነሽ። ይኸው በሕይወትሽ ለመጀመሪያ ጊዜ የፈለግሽውን በግልጽ ተናገርሽ።"

"ሁለተኛዬ ነው፣" አለች እሷ፣ አሁንም እየሳቀች።

"የመጀመሪያው መቼ ነው?"

"'እንፋታ' ያልኩህ ቀን።"

ፈገግታው ፊቱ ላይ እንዳለ ቀረ፤ ዓይኑ ግን ተለወጠ። ቆቡን ከጠረጴዛው አነሳ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ "መነሻ ዋጋ መስሎኝ ነበር እኮ" አላት።

"ምን?"

"'እንፋታ' ስትዪ። መነሻ ዋጋ መሰለኝ። አንድ ነገር ፈልጋ ነው፣ ከላይ ጀመረች አልኩ። ስለዚህ ሳልደነግጥ 'እሺ' አልኩሽ፤ 'እሺ' ስልሽ ትወርጃለሽ ብዬ። ጠበቃ ስትይዢ፣ ጨመረች አልኩ፤ እኔም ጨመርኩና ያዝኩ። ቅድም 'ቤቱን ነው የምትፈልገው' ሲሉኝ፣ ለእማዬ ብደነግጥም፣ ደስም አለኝ፤ እኔ ያለሁበትን ቤት ነዋ። ዛሬ ጠዋት እዚህ ስገባ እንኳ፣ ዛሬ ትወርዳለች ብዬ ነው የገባሁት።" ሳቅ ሞከረ፤ አልሆነለትም። "ቆይ፣ በሞቴ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ምን ያህሉ የምርሽ ነበር?"

ወይ ፍንክች ሳቋ ጠፋ። ያሳዝናል፣ ይሄ ሰው! በእነዚያ ሁሉ ወራት አንዲት ሌሊት ተነስቶ "አትሂጂ" ቢላት ኖሮ ምን ትለው ነበር? ያን ጊዜም ቢሆን መልሱን ታውቀዋለች። አፏ ግን የለመደውን ሊያቀብላት ተዘጋጀ፤ ማለሳለሻው፣ ግማሽ እውነቱ፣ "እኔ እንጃ፣ ማን ያውቃል" የሚለው ሁሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ደረሰ። እንዲህ ብትለው ይጽናና ነበር። እንዲህ ብትለው ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ ሌላ ዋጋ ሲጠብቅ ይኖራል።

"ሁሉም የምሬ ነበር፣" አለችው። "ያቺ ጨምሬም ቀንሼም የማላውቃት ዋጋዬ ነበረች።"

"አሁንስ?"

"አሁንም።"

ይቅርብህ አንዴ ራሱን ነቀነቀ። እሷም ልቧ በሁለት ተከፈለ፤ ለሱ አዘነች፣ ለራሷ ደስ አላት፣ ሁለቱም አንድ ላይ እውነት ነበሩ። በሩ ተከፈተና ጠበቆቹ ትኩስ ወረቀት ይዘው ገቡ። መረዋው ሁለቱ ዝም ብለው ስላገኛቸው በጥርጣሬ እያየ፣ የፈቃድ ነገር ስለሆነ ነገ ዳኛው የሚጠይቁትን ዛሬ ልጠይቃችሁ አለና፣ "በነፃ ፈቃዳችሁ ነው የምትለያዩት?" አላቸው።

"በነፃ ፈቃዴ ነው፣" አለች ወይ ፍንክች።

ይቅርብህ ብዕሩን አነሳ። ከሷ ቀድሞ፣ እያንዳንዱን ገጽ ሳያነብ ፈረመ። ከዚያም ወረቀቱን አዙሮ በጠረጴዛው ላይ ወደሷ ገፋ አደረገላት።

"በይ ፈርሚ፣" አላት። "በዚህኛው አልከራከርሽም።"

ፈረመች።